በመስኮቱ በኩል የነጡት ጠርሙሶች

ሰብሪያ ባሕርን የምታውቀው በልጅነቷ ነው። አባቷ አሰብ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። ቤተሰቡ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የካ ሲሰፍር እሷ ስምንት ዓመቷ ነበር። ዛሬ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የላብራቶሪ ረዳት ናት፤ የምትጠብቀውም የባሕር ውሃ ነው።

ውሃው ውስጥ ዶክተር መዓዛ የምታራባቸው ፋይቶፕላንክተኖች አሉ። በዓይን የማይታዩ፣ ባሕር ላይ የሚንሳፈፉ፣ እንደ ቅጠል በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ደቃቅ ነገሮች ናቸው። ጤነኛ ሲሆኑ ጠርሙሱ አረንጓዴ ይሆናል። መምህርቷ ብርሃን፣ ሙቀትና ንጥረ ነገር ምን እንደሚያደርጓቸው ለተማሪዎቿ የምታሳየው በእነሱ ነው። ውሃውን ከጅቡቲ በጀሪካን የሚያመጣው የሰብሪያ ታናሽ ወንድም ያሲር ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

ጥቅምት ላይ በመስኮቱ በኩል ያሉት ጠርሙሶች መደብዘዝ ጀመሩ። መጀመሪያ ቢጫ ሆኑ፤ በሳምንቱ እንደ ሩዝ ውሃ ነጡ።

ዶክተር መዓዛ አንዱን ጠርሙስ አንስታ ትኩር ብላ አየችው። «እትዬ ሰብሪያ፣ ወንድምዎ ይህን የቀዳው በእርግጥ ከባሕር ነው?»

«ምን ማለትዎ ነው ዶክተር?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። አንዳንዱ ሰው መንገድ ላይ ይደፋበትና ከቧንቧ ቀድቶ ጨው ይጨምርበታል ብዬ ነው።»

ሰብሪያ ፊቷ ጋለ። የባሰው ወደ ቤቷ ስትሄድ የመጣባት ነገር ነው። ያሲር ልጅ ሳለ ይዋሽ ነበር። ቢያደርገውስ? ደወለችለት።

«ያሲር፣ በአላህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ውሃውን የት ነው የቀዳኸው?»

«አንቺም?» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስልኳን አላነሳም።

ደግሞም ጉደታ አለ። የቀን ጥበቃው ነው፤ የላብራቶሪው ትርፍ ቁልፍ እሱ ጋ ነው። ሁለት ጊዜ ሳታስበው ገብታ፣ መስኮቱ ሥር ከጠርሙሶቹ አጠገብ ቆሞ አግኝታዋለች። ሁለቱንም ጊዜ ደንግጦ ሹልክ ብሎ ወጣ። ስለዚህ ሰብሪያ በየጠርሙሱ ክዳን ላይ ቀጭን ክር አሰረች። ክሩ ሳይነካ ሰነበተ፤ እሷ ግን አልተረጋጋችም። አይቶት፣ ፈትቶ፣ መልሶ አስሮት ይሆናል አለች። ጉደታ የጓሮውን ጎመን የሚያዳብርበትን ማዳበሪያ ሳይቀር ከመደርደሪያው ሥር አጎንብሳ ፈለገች።

ጠዋት ጠዋት ሌሎቹን ክፍሎች ስለምታጸዳ ላብራቶሪው ውስጥ የምትገባው ከቀትር በኋላ ነበር። አንድ ሐሙስ ግን ጽዳቱን ትታ ሦስት ሰዓት ላይ በሩን በረገደችው። ጉደታ እዚያው ቆሟል።

«ሦስተኛህ ነው! ምን እየጨመርክባቸው ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ በጌታ፣ ምንም አልነካሁም!» እጆቹን ዘርግቶ አሳያት። «ሚስቴ ውዴ መውለጃ ቀኗ ደርሷል። ስልኳ ተበላሽቷል። ምጥ ከጀመራት ቀዩን ብርድ ልብስ አጥሩ ላይ ልትሰቅል ተነጋግረናል። ባሕር ዛፉ ከተቆረጠ ወዲህ ቤቴ ከዚህ ይታያል።»

«የትኛው ባሕር ዛፍ?»

በአገጩ አመለከታት። በጎረቤት ግቢ ውስጥ ጉቶ ብቻ ቀርቷል፤ ከጉቶው ባሻገር የቆርቆሮ ጣሪያዎች ቁልቁል ተደርድረዋል። ፀሐይዋ ቀጥታ ፊቷ ላይ አረፈችና ዓይኗን ጨፈነች።

«መቼ ነው የቆረጡት?»

«ከመስቀል በሳምንቱ።»

ጠርሙሶቹ መደብዘዝ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነበር። ከኋላ መደርደሪያ ያሉት ደግሞ ከዚያው ጀሪካን የተቀዱ ሆነው አሁንም አረንጓዴ ናቸው። ውሃው ሐሰት ቢሆን ኖሮ እነሱስ ለምን ይተርፋሉ?

ያም ሆኖ ራሷን አላመነችም። ከኋላ አራት ጠርሙሶች አምጥታ መስኮቱ ላይ ደረደረች። አንዱን እንዲሁ ተወችው። አንዱ ላይ ዶክተሯ የምትጠቀምበትን የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ንጥረ ነገር ጨመረች። አንዱን እንዳይሞቅ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አቆመች። የመጨረሻውንም እዚያው ሳፋ ውስጥ አስገብታ በነጭ ሻሽ ሸፈነችው። በአምስተኛው ቀን እንዲሁ የተተወውና ንጥረ ነገር የተጨመረበት ነጥተዋል። ሳፋው ውስጥ ያለው ያልተሸፈነው ትንሽ ተሽሎት ቢጫ ሆኗል። የተሸፈነው ብቻ እንደ ጎመን አረንጓዴ ነው።

ዶክተር መዓዛ አራቱን እያገላበጠች አየች። «በጥላ ያደጉ ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «ብርሃን ያሳድጋቸዋል፤ ልክ ሲያልፍ ግን ያንኑ ምግብ የሚሠሩበትን ነገር ይሰብርባቸዋል። ሙቀቱ ሲጨመር ደግሞ ማዳበሪያም አያድናቸው። እኔ ይህን እያስተማርኩ ወንድምዎን ጠረጠርኩ። ይቅርታ እትዬ።»

ሰብሪያ ይቅርታውን ተቀበለች። ጉደታንም በር ላይ ይቅርታ ጠየቀችው። «ምንም አይደል» አላት፤ የላብራቶሪውን ቁልፍ ግን በዚያው ቀን ለአስተዳደር መለሰ። ውዴ ወንድ ልጅ መውለዷን ሰብሪያ የሰማችው ከሌላ ሰው ነው።

ለያሲር የይቅርታ መልእክት ጻፈችለት። በሦስተኛው ቀን ያለ አንዳች ቃል ቪዲዮ ላከላት። ሱሪውን ሰብስቦ፣ ማዕበሉ ጉልበቱን እየመታው፣ ጀሪካኑን ይሞላል። ጀሪካኑን ከድኖ ወደ ካሜራው አስጠጋው።

ሰብሪያ አይታ አለቀሰች። ከዚያ ደግማ ከፈተችው። ዓይኗ የወንድሟን ፊት ትቶ ከጀርባው ያለው በእርግጥ የባሕር ዳርቻ መሆን አለመሆኑን ሲፈልግ ነቃችበትና፣ ደንግጣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።