ከአሽቀሎን ያመጣሁት የሽጉጥ ማህደር

እሑድ ጠዋት ከሃይፋ በባቡር ተነሣሁ። ወደ አሽቀሎን የምሄደው ለአንድ የቆዳ የሽጉጥ ማህደር ስል ነው። ከሥራ በተረፈኝ ጊዜ የድሮ ወታደሮች የታጠቋቸውን ማህደሮች፣ ዝናሮችና የሽጉጥ መወልወያ ዘንጎች እሰበስባለሁ፤ ሽጉጥ ግን ቤቴ አይገባም። እትዬ ብርቄ የሚባሉ የአሽቀሎን እናት ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የተቀመጠ ማህደር እንዳለ ሰው ልከው ነግረውኝ ነበር።

ከቴል አቪቭ በታች ሕንጻው እየሳሳ አሸዋውና የብርቱካን እርሻው እየበዛ ይሄዳል። አሽቀሎን ወርጄ እትዬ ብርቄ ወደሚኖሩበት ሰፈር ወደ ራማት ኤሽኮል አውቶቡስ ያዝኩ። የባሕሩ ነፋስ ከንፈሬ ላይ ጨው ጨው ይላል።

ራማት ኤሽኮል

በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ሲጋል ናት። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ምስር ወጥ በዳቦ አቀረቡልኝና በላሁ። ከዚያ በፎጣ የተጠቀለለውን ማህደር አመጡ።

ወፍራም ቡናማ ቆዳ ነው፤ የናስ ቁልፍና በጎኑ የጥይት ካርታ ኪስ አለው። አንዲት ክር አልተፈታችም። ቆዳው እንደ አዲስ ለስልሷል።

«ማን ሰፋው?» አልኳቸው።

«ባሌ። አዲስ አበባ ለጦር ሠራዊቱ ቆዳ ይሰፋ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ዓለሙ ወደ ሰሜን ሲዘምት ሠራለት። ኋላ ጓደኛው ማህደሩን ብቻ ይዞ መጣ። ሞተም አላለን፣ አለም አላለን።»

«ከዚያስ?»

«ወደዚህ አገር ስንመጣ ባሌ አውሮፕላኑ ላይ ታቅፎት መጣ። እዚህም ፋብሪካ ውሎ ሲገባ ቅባት ይቀባው ነበር። ‹ሲመጣ ደርቆ እንዳያገኘው› ይል ነበር።»

«ኢማ፣ ዳይ» አለች ሲጋል፤ እማዬ፣ ይብቃሽ ማለቷ ነው።

እናቷ ግን ቀጠሉ። «ዓለሙ እጮኛዬ ነበር። ጠብቄ ጠብቄ ሲቀር ለወንድሙ ዳሩኝ። አንድ ሰው ለሁለት ስንጠብቅ ኖርን። አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገርንበትም።»

ሲጋል ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ሄዳ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

ዋጋውን ስጠይቅ እትዬ ብርቄ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ስሞት የትም እንዳይጣል ነው፣ ልጄ። ብቻ ስሙን አትርሳው» አሉኝ። ማህደሩን ጉንጫቸው ላይ ጥቂት አቆይተው በእጃቸው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት።

ሃይፋ

ቤቴ ገብቼ መስታወት ውስጥ የደረደርኳቸውን ማህደሮች አየሁ። የየትኛው ጦር፣ የየትኛው ዘመን እንደሆኑ አንድ በአንድ እናገራለሁ። በማን ወገብ ላይ እንደነበሩ ግን የአንዱንም አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም። ይህን ያወቅኩት በዚህ ጉዞ ነው።

በሰላም መድረሴን ልነግራቸው ደወልኩ።

«ገባችሁ?» አሉኝ።

የሄድኩት ብቻዬን ነበር። ዓይኔ የዓለሙ ማህደር ላይ አረፈ።

«ገባን፣ እትዬ» አልኳቸው።