ልጄን የከተብኳት ቁንጭር

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ፊደል ያለ መምህር ለይቼ ዳዊት የደገምኩ ገበሬ። ሚስቴ አለች። አሥር ዓመት የሆነው ወንድ ልጄና ስድስት ያልሞላት ሴት ልጄ አሉ። በሞላሌ ክሊኒክ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር መጨረሻ ላይ የመጣ ነው።

ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ቤታችን ገደል አፋፍ ላይ ነበር። ጠዋት ጉሙ ከሥር ወጥቶ ግቢውን ሲሞላው ቤቱ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። ጉሙ ሲገፈፍ ሽኮኮዎች ድንጋይ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። በዚያ አፋፍ ያደገ ልጅ ፊቱ ላይ ቁንጭር የሚሉት ቶሎ የማይድን ቁስል ሳይወጣበት አይቀርም፤ ሰዉ የሌሊት ወፍ ሽንት ነው ይላል። በወንዱ ልጄ ጉንጭ ላይ ወጥቶ ከዓመት በላይ ቆየ። ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ቁንጭር አንዴ የወጣበት ሰው ዳግም አይወጣበትም።

ሴቷን ልጄን ባየሁ ቁጥር ጉንጯ ያሳስበኝ ጀመር። አባቴ በፈንጣጣ ጊዜ ከበሽተኛ ቁስል በእሾህ ወስዶ አንጓችን ላይ ከትቦን ነበር፤ ሁላችንም ተርፈናል። ታዲያ ቁንጭሩን እጅጌዋ ሥር ባወጣላት ፊቷ አይድንም?

«ፈንጣጣና ቁንጭር አንድ ናቸው ያለዎት ማነው?» አለች ሚስቴ።

«መጽሐፍ ነው።»

«ዳዊት ላይ ነው ያገኙት?»

«ዝም በይ።»

የትም አላነበብኩም። አባወራ ሥልጣኑን ተገን አድርጎ ሲዋሽ ውሸቱ ከሌላው ሰው ውሸት ይከፋል።

ከወንድሟ ቁስል ዳር በእሾህ ወሰድኩ። ክንዷን ስጭር «እንደሱ ልሆን ነው?» አለችኝ። «አትሆኚም» አልኳት።

በሦስተኛው ወር ትንሽ እብጠት ወጣች፤ ደስ አለኝ። በዚያው በጋ የወንድሟ ደርቆ ሻረ። የሷ ግን አልቆሰለም፣ አላመማትም። ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ ሆኖ በእንቅልፍ እንደሚሄድ ሰው ሳይሰማ ወደ አንገቷ፣ ወደ ጆሮዋ፣ ወደ አፍንጫዋ ወጣ። እሷ እየዘፈነች ትጫወት ነበር።

ሞላሌ ይዣት ወረድኩ። ድሬሰሩ የሁለቱንም ልጆቼን ነገር አንድ በአንድ ጠየቀኝ።

«የልጁ ገላ ጠላት ገባብኝ ብሎ ተዋጋ፤ ቁስሉ የውጊያው ነው። አሸንፎ ስለለየው ዳግም አያስገባውም። የሷ ገላ ግን እንደ እንግዳ ተቀብሎ አሳደረው።»

«እኔ ባልነካትስ ኖሮ?»

«ምናልባት በራሱ ይመጣባት ነበር፤ ምናልባትም አይመጣም። አላውቅም፣ ጋሼ። እሾሁን ግን ሌላ ልጅ ላይ እንዳያነሡ።»

ወደ አዲስ አበባ ላከን። ልጄ ሐኪም ቤት ሁለት ዓመት ተኛች፤ መርፌው እብጠቱን አጠፋው፣ ቅንድቧ ግን አልተመለሰም፤ ላድነው ያልኩት ፊትም የቀድሞው አልሆነም። ሚስቴ እነዚያን ሁለት ዓመታት ከሐኪም ቤቱ ደጅ ሳትለይ ከረመች። ወንዱ ልጄ «ከኔ ነው የተጋባባት» ብሎ እኅቱን ቀና ብሎ ማየት ተወ። እኔ ገብሴን እየዘራሁ፣ እያጨድኩ፣ ጤነኛ ሆኜ ቤቴ ነበርኩ።