ቂጡ የተመታ ጣሳ

ይህን ጣሳ እዩት። የቲማቲም ድልህ የነበረበት ተራ ጣሳ ነው፤ ወረቀቱ ተልጧል፣ አፉ ዙሪያውን ዝጓል። ከጎን ስታዩት ምንም አልጎደለውም። አሁን ገልብጡት። ቂጡ በመዶሻ ተመትቶ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጉድጓዱ ላይ ብርቱካን ብታስቀምጡ ሳይንከባለል ይቀመጣል። ፉሪ፣ ገዲሴ ሂርጳ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው ያለው። እንግዳ ሲመጣ ከፎቶ አልበሙ በፊት የምታሳየው እሱን ነው። አንድ የኢኮኖሚክስ ዶክተር ያንበረከከችበት ጣሳ ነው። ደግ አደረገች።

ገዲሴ የፉሪ ልጅ ናት። ፉሪ ጤፍ ሲዘራበት ተወልዳ፣ ፉሪ ኮንዶሚኒየምና ብሎኬት ሲሆን እዚያው ጎለመሰች። አባቷ አባ ሂርጳ እህል ሲሸጡም ሲገዙም አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ከመሰፈሩ በፊት ቁናውን ይገለብጡታል። ሰው ይቀየማቸው ነበር፣ አላመንከኝም ወይ እያለ። እሳቸው ግን "አንተን አምኛለሁ፤ ቁናህን ግን አላውቀውም" ይሉ ነበር አሉ። መሬቱ ለቤት መሥሪያ ሲወሰድ የካሳው ገንዘብ በሁለት ዓመት አለቀ። ለገዲሴ የቀረላት ውርስ ይህ መገልበጥ ብቻ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሀና ማርያም መንገድ ላይ ያለ አንድ የጥናት ተቋም ዋጋ መዝጋቢ አድርጎ ቀጠራት። ማክሰኞና ቅዳሜ ጉሊት ለጉሊት እየዞረች የሃያ ሦስት ዓይነት ሸቀጥ ዋጋ ትጠይቃለች፤ ቅጽ ትሞላለች፤ ሰኞ ታስረክባለች። ከእሷ ቅጽ ላይ ጥናት የሚሠሩት ዶክተር ቦጋለ የሚባሉ ተመራማሪ ናቸው። ሙያቸው የገንዘብ ቀውስና ተቋማት በታዳጊ አገሮች ነው፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ አገር ተጋብዘው ተናግረዋል። ፉሪ ጉሊት ግን ከቢሯቸው በታክሲ አሥር ደቂቃ ነው፤ አንድ ቀን ረግጠውት አያውቁም።

የብርን ዋጋ ገበያው ይወስነው ተብሎ የተለቀቀበትን ሐምሌ ታስታውሳላችሁ። በማግስቱ የሱቅ ዘይት ዘለለ። ጉሊቱ ግን ዝም አለ። ከታክሲ ተራው ጀርባ የምትቸረችረው ሀኒፋ ምስር በጣሳ መቶ ሃያ ብር ትሸጥ ነበር፤ መቶ ሃያ ብር ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ የጠፋው ምርቃቱ ነው። ጣሳው ከሞላ በኋላ ከላይ ጣል የምትደረገዋ እፍኝ፣ በይ ይባረክልሽ የምትባለዋ። አንድ ማክሰኞ ሀኒፋ የጣሳውን አፍ በመዳፏ ጠረግ አደረገችና እጇን ሰበሰበች። ፉሪ ውስጥ ተቋም የሚባል ነገር ከነበረ ያቺ እፍኝ ነበረች፤ የሞተችውም እሷ ናት። ቅጹ ላይ ግን ለሞቷ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ገዲሴ የአባቷን ነገር አደረገች። ጣሳውን ገለበጠችው።

ሀኒፋ አላፈረችም። "ዋጋ ከጨመርኩ ሰፈሩ በሙሉ አንቺም እንደ ሱቁ ሆንሽ ብሎ ጥሎኝ ይሄዳል። ጣሳው ሲመታ ግን ማን ይሰማል? የሚመጣልኝ እህል ዋጋው ጨምሯል፤ ምን ልብላ ገዲሴዬ?"

ገዲሴ ዋጋውን መቶ ሃያ ብላ ሞላችና ከጎኑ "ጣሳው ተመትቷል" ብላ ጻፈች። ከዚያም በራሷ ገንዘብ ትንሽ ሚዛን ገዝታ በየሳምንቱ ግራሙን ቅጹ ጠርዝ ላይ ታሰፍር ጀመር። ዶክተሩ አስጠሯት። ቅጹ የሚጠይቀው ዋጋ ነው፣ የጣሳ ጤንነት አይደለም አሏት። "ገዲሴ፣ አንቺ ዋጋ ጠይቂ፤ ማሰቡን ለእኛ ተዪልን" ብለው ጠርዙን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙና ፈረሙበት። አንቱታዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ሰውየው ይህን ያደረገው አንድ ቀን አይደለም፤ አሥራ አራት ወር ሙሉ ነው። የተሰረዘው ቅጂ በየሳምንቱ ይመለስላታል፤ እሷም በየሳምንቱ እያጠፈች ቁም ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለች።

ከዚያ ጥናቱ ወጣ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ዓይኔን አላመንኩም። በቀውሱ ጊዜ የጉሊት ዋጋ ያልናረው ሻጭና ገዢ ስለሚተማመኑ ነው ይላል። ጉሊት ጽኑ ተቋም ነው፤ ታዳጊ አገሮች ከእሱ ይማሩ ይላል። ሀኒፋ በመዶሻ የመታችውን ቦጋለ እምነት ብሎ ጻፈው።

ይህ ብቻ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። ነገር ግን የገዲሴ ልጅ ሶሬቲ ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ይዛ የምትሄድበት አንድ ጫማ ፋብሪካ አለ። ፋብሪካው የስድስት መቶ ሠራተኞቹ የደሞዝ ጭማሪ በኑሮ ውድነት ጥናት ይወሰናል ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ የመረጠው ጥናት የቦጋለን ሆነ። ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ አራት በመቶ። ሶሬቲ በስልኳ ፎቶ አንስታ ለእናቷ አመጣችው። አልጮኸችም፣ አልወቀሰችም። "እማ፣ ይሄ ያንቺ ቁጥር ነው?" ብቻ አለቻት።

ገዲሴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በገዛ እጇ ጽፋ ልጇን አስራበች። ሲነጋ ሀኒፋ ዘንድ ሄደች፤ አዲስ ጣሳ ሰጥታ የተመታውን ጠየቀቻት። ሀኒፋ ደነገጠች፣ ልታሳስሪኝ ነው አለች።

"አንቺን አይደለም" አለቻት ገዲሴ። "አንቺ የመታሽው ጣሳ ነው። እሱ የመታው ልጄን ነው።"

ቅዳሜ ከሰዓት ቦጋለ ጥናቱን ለአሠሪዎቹና ለሠራተኛ ተወካዮቹ ሊያስረዳ ፋብሪካው አዳራሽ መጣ። ሶሬቲ ተወካይ ናት፤ ፊት ተቀምጣለች። ገዲሴን ወረቀት እንድታድል ይዟት የመጣው ራሱ ቦጋለ ነው፤ ቦርሳዋ ለምን እንደከበደ አልጠየቃትም። ጥያቄ ያለው ሲባል ከኋላ ተነሳች። ደህናውን ጣሳና የተመታውን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖረች። ከፊት ሲታዩ መንታ ናቸው። ደህናውን ምስር ሞላችው።

"ዶክተር፣ እርስዎ ይገልብጡት። ከዚህ ወደዚያ።"

ሰው ሁሉ እያየው እምቢ ማለት አልቻለም። ገለበጠ። ጣሳው ሞላ፤ ከዚያ ምስሩ ወረቀቱ ላይ፣ ሱሪው ላይ፣ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አንዱ ከኋላ "ጽኑው ተቋም ፈሰሰ" አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ይዛ ስትመጣ ገዲሴ መንገዱን ዘጋችባት።

"አይጠረግም። እህል ነው። ዶክተር ይለቅሙታል።"

ሳቁ ጠፋ። እህል እንደማይረገጥ እሱም ከእናቱ ተምሯል። ዙሪያውን አየ፤ የሚያድነው አጣ። በጉልበቱ ወረደና ለቀመ። ገዲሴ ቆማ ጠበቀችው፣ ከወንበር ስር የቀረችውን በጣቷ እያሳየች፣ ሳትቸኩል። የለቀመውን ተቀብላ በትንሿ ሚዛኗ መዘነችው፤ ሁለት መቶ አሥር ግራም። ደህናው ጣሳ ስምንት መቶ ግራም ይይዛል፤ የተመታው አምስት መቶ ዘጠና። የድሮውን ያህል ምስር ለማግኘት ዛሬ መቶ ስልሳ ሦስት ብር ግድም ያስፈልጋል። መቶ ሃያ ላይ አርባ ሦስት ብር ሲጨመር፣ አራት በመቶ ነው እንዴ የሚባለው?

ቦጋለ ሱሪውን እያራገፈ አንድ ጣሳ ማስረጃ አይሆንም አለ። ደግሞም ይህ ነገር ለእኛ አልተነገረንም አለ። ገዲሴ ይህንን ቃል ነበር የምትጠብቀው። የአሥራ አራት ወሩን ቅጾች ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቱ ዘረጋችለት።

"ይህ ፊርማ የማን ነው?"

ሶሬቲ ቅጾቹን ከእናቷ እጅ ተቀብላ ለተወካዮቹ አሳለፈች። አራት በመቶውን አንፈርምም ብለው ወጡ።

ሰኞ ገዲሴ ተባረረች። ደብዳቤው ከመመሪያ ውጪ ሠርተሻል ይላል። ጎረቤት ይመጣና ይቅር በዪው፣ አዋርደሽዋል፣ ይበቃል ይላታል። አይበቃም። ሰውየው ጉልበቱን አራግፎ ሌላ አዳራሽ ስለ መተማመን እየተናገረ ነው፤ ስድስት መቶ ሠራተኛ ግን ዛሬም በድሮ ደሞዙ ነው። ፋብሪካው የተቀበለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሀና ማርያም፣ ከሀይሌ ጋርመንትና ከፉሪ ጉሊቶች እስከ ወሩ መጨረሻ የመቶ ጣሳ ክብደት ከመጣ ስሌቱ እንደገና ይሠራል። እስከ ዛሬ ሠላሳ ሰባት ደርሷል። ስድሳ ሦስት ይቀራል።

ስለዚህ ነገ ምስር ስትገዙ ጣሳውን ገልብጡት። ሻጯን አትስደቡ፤ ዕዳው የእሷ አይደለም። የገዛችሁትን ቤት ወስዳችሁ መዝኑ፤ ግራሙን፣ ዋጋውን፣ ቀኑንና የጉሊቱን ስም ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉና ለሀኒፋ ስጡልኝ፤ ፉሪ፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ ናት። ገዲሴ ማክሰኞና ቅዳሜ እየመጣች ትሰበስባለች።