ስፌቱን አትርሱ

ቁም ሳጥኑን ስከፍት መጀመሪያ የመጣብኝ የሻጋታ ሽታ ነው። እርጥብ ቆዳ፣ እርጥብ እንጨት፣ ከእነሱ ሥር ደግሞ ጥጥ በጋለ ካውያ ሲነካ የሚያወጣው ትኩስ ጠረን። ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለተማሪዎች ንግግር እንዳደርግ ተጋብዤ ያረፍኩበት ሕንፃ ቀለሙ ገና አልደበዘዘም። የጅማ ክረምት ግን ለአዲስ ሕንፃ አይራራም፤ ያደረ ጫማ ካገኘ አረንጓዴ ጢም ያበቅልበታል።

በቁም ሳጥኑ በር ላይ በላስቲክ የታሸገ ወረቀት ተለጥፏል። ከውጭ አገር ለሚመጡ መምህራን የተጻፈ ምክር ነው፤ ከላይ በእንግሊዝኛ፣ ከታች በአማርኛ። ሳልጠይቀው የሚመክረኝን ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የማስበው «ምን ፈልጎ ነው?» የሚለውን ነው። ይህን ጠባይ ከእናቴ ወርሼዋለሁ፤ እስካሁንም ብዙ ጊዜ አላሳፈረኝም። ስለዚህ ወረቀቱን ባላጋራ እንደጻፈው ማመልከቻ አድርጌ አነበብኩት። ጫማ ሳይደረግ ከሦስት ቀን በላይ አይቀመጥ። የስኳር ዕቃ ውሃ ባለበት ሳህን መሀል ይቀመጥ፣ ጉንዳን እንዳይደርስበት። ወደ አጋሮ የሚሄድ ሰው ጠዋት ይውጣ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ያግተዋል። እስከዚህ ድረስ ማንም ሊጽፈው ይችላል። ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ግን ቆምኩ፦ «ውጭ የደረቀ ልብስ ሁሉ በሁለቱም በኩል ይተኮስ። ስፌቱን አትርሱ።»

ስፌቱን አትርሱ የሚል ሰው በሕይወቴ ያወቅሁት አንድ ብቻ ነው። አዴ ዘይነባ።

ጅማ የገባነው ስምንት ዓመቴ እያለ ነው። አባቴ የመንገድ ሥራ ጸሐፊ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን ሲያዛውሩት እናቴን፣ እኔንና ገና ጡት ያልተወች እህቴን ሰላምን ይዞ አወቱ መንደራ በሚባለው ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራየ። እናቴ ዝናብን የምታውቀው ብርድ ይዞ ሲመጣ ነው። ዝናብና ሙቀት አብረው ሲመጡ ስታይ የሥነ ምግባር ጉድለት አድርጋ ቆጠረችው። ቅጠሉ በዝቶባት፣ ምድሩ ረጥቦባት፣ ጨው እንኳ እየቀለጠ አስቸግሯት፣ ግን አገሬ ላይ ነኝ ብላ ማንንም አትጠይቅም ነበር። በዚያው ሰፈር የሚኖሩት የቡና ባለሙያ ፈረንጆች ባዳ መሆናቸውን ያውቁታል። እኛ ባዳነታችንን አናውቅም። ልዩነታችን ይኸው ነበር።

አዴ ዘይነባ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን ነበሩ። «አዴ» እዚያ አገር ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። የፈረንጆቹንና የሆስፒታሉን ነርሶች ልብስ እያጠቡና እየተኮሱ ይተዳደራሉ። ካውያቸው የከሰል ነው፤ ክዳኑ ላይ ዶሮ የምትመስል መያዣ ነበረችው። የጋለውን ብረት በሙዝ ቅጠል ያሹታል፤ ቅጠሉ ይንጫጫል፣ ጣፋጭ ጭስ ያወጣል፣ ከዚያ ብረቱ ነጩ ጋውን ላይ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል።

ለፈረንጅ ግን ዋናው ነገር ልብሱ አልነበረም። አዲስ መጤ ሁሉ መሥሪያ ቤቱን ሳይለምድ እሳቸው ግቢ ይመጣል። ከፈረንጆቹ ረጅሙ የምንለው ሰው ሚስት ደብተር ይዛ በርጩማ ላይ ስትቀመጥ፣ አዴ ዘይነባ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ የቀረውን በእጃቸው ያስረዷታል።

«ገበያ ስትሄጂ ዋጋ ከባለ ዕቃው አትጠይቂ። ገዝታ ከምትመለሰው ሴት ጠይቂ። ለባልሽም ንገሪው፣ ገበሬው ጋ ሲሄድ ጉዳዩን ቶሎ እንዳያወጣ። ስለ ልጆቹ ይጠይቅ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቅ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቅ። ቸኩሎ የሚናገር ሰው ወይ ሊሸጥ ነው ወይ ሊያስር ነው የሚመስለው።»

ሴትዮዋ ትጽፋለች። ይህ መጻፍ ማንንም ደስ አላሰኘም። የቀበሌው ሰው «ምንድን ነው የምትነግራቸው?» እያለ ይጠይቃል። የፈረንጆቹ ወጥ ቤት ቦታዬን ልትወስድ ነው ብሎ ይጠረጥራል። የእናቴ ጥርጣሬ ግን ከሁሉም የረቀቀ ነበር፤ ምክሩ በነጻ መሆኑ ነው ያላማራት።

አንድ ቀን እናቴ የሰላምን የሽንት ጨርቆች አጥባ ሣሩ ላይ አሰጣች። ደብረ ብርሃን እንዲያ ነው የሚደረገው፤ ፀሐይና ሣር ያነጡታል። አዴ ዘይነባ በአጥሩ ላይ አሻግረው አዩ።

«የሰላም እናት፣ ማሎ፣ እባክሽን፣ ሣር ላይ አታስጪ። እዚህ አገር ዝንብ እንቁላል ይጥልበታል። ካሰጣሽም ተኩሺው፣ በሁለቱም በኩል። ስፌቱን አትርሺ፤ እንቁላሉ ስፌት ውስጥ ነው የሚደበቀው።» ከዚያ እናቴ ያዘለቻትን ሰላምን አይተው ፈገግ አሉ። «ማሻአላህ፣ ወፍራለች።»

እናቴ አመስግና ገባች። ውስጥ ከገባን በኋላ ግን፣ «የሽንት ጨርቅ የሚተኮሰው የማን ቤት ነው?» አለች። «ሥራ ፈልጋ ነው። ደግሞ ልጄን ምን አስወፈራት?» ማሻአላህ የሚባለው ልጅ በዓይን እንዳይነካ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሰላም ጀርባ ላይ እብጠት ወጣ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሦስት። ልጅቷ ጡት እንቢ አለች፤ አስተኝተዋት ሲነኳት ትጮኻለች። ክሊኒክ ቅባት ሰጡን፣ አልሠራም። ጠበል ረጨናት፣ ትንሽ ዝም አለችና እንደገና ጮኸች። እናቴ ከዚያ ወዲያ ሐኪም አላስፈለጋትም፤ በሽታውን በስሙ አውቃዋለች። ዓይን ነው። የማን ዓይን እንደሆነም ታውቃለች።

«ሂጂና ምን እንደምትሠራ እይልኝ» ብላ ላከችኝ። ሄድኩ። ረጅሙ ፈረንጅ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀምጧል፤ ክንዱ ላይ ልክ እንደ ሰላም ያለ እብጠት አለ። አዴ ዘይነባ ቫዝሊን ቀቡበት፤ ከቆይታ በኋላ በሁለት አውራ ጣታቸው ጫን ሲሉት ነጭ ትል ወጣ። ፈረንጁ ሳቀ። እኔ ሮጥኩ።

ያየሁትን ስነግራት እናቴ የተረዳችው እንዲህ ነበር፦ ትል ማውጣት የምትችል ትል ማስገባትም ትችላለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተማሩ ሰዎች በዚሁ መንገድ ሲያስቡ አይቻለሁ፤ መጠርጠር የጀመረ ሰው ማስረጃ አያሳምነውም፣ ይቀልበዋል እንጂ። እሑድ ማኅበር ላይ ነገሩን አወራችው። በሳምንቱ አዴ ዘይነባ ሲያልፉ ሴቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ መሸፈን ጀመሩ። ከነርሶቹ መካከል ልጆች ያሏቸው ጋውናቸውን ለሌላ ሰው ሰጡ። አጥሩ ወዲያ የካውያው ጭስ ቀነሰ።

ወሬው እሳቸው ጆሮ መድረሱ አልቀረም። ቢሆንም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ መጡ።

«የሰላም እናት፣ ልጅቷ ስታለቅስ ሰነበተች። ሰምቻለሁ።»

እናቴ በሩን በሰውነቷ ዘጋች። «ሰምተሽ ነው ወይስ አይተሽ?»

አዴ ዘይነባ ዞሩ። ጀርባቸውን ለበሩ፣ ፊታቸውን ለመንገዱ ሰጡና ሻሻቸውን ጎትተው ዓይናቸው ላይ ጣሉ።

«ይኸው» አሉ። «አላያትም፣ አልነካትም። ቫዝሊኑንም የኔን አልሰጥሽም፣ ከሱቅ አስመጪ። እኔ ከዚህ እነግርሻለሁ፣ በእጅሽ ሥሪው። ማሎ፣ ለልጅቷ ስትዪ።»

እናቴ አንዴ እሳቸውን አንዴ ሰላምን አየች። ሰላም ማልቀስ ደክሟት ታቃስት ነበር። ሳንቲም እጄ ላይ አድርጋ ወደ ሱቅ ገፋችኝ። ቫዝሊኑን ይዤ ስመለስ ሁለቱም ካሉበት አልተነቃነቁም፤ ካፊያ ጀምሯል።

«እብጠቱ አናቱ ላይ ቀዳዳ አለው?»

«አለው።»

«ጠጋ ብለሽ እዪው። ይንቀሳቀሳል?»

እናቴ ጎንበስ አለች። «ይንቀሳቀሳል» አለች።

«ወፍራም አድርገሽ ቀቢው። አሁን ጠብቂ። አየር ሲያጣ ራሱ ብቅ ይላል። በመርፌ እንዳትነኪው፣ ከተቆረጠ ውስጥ ይቀራል።»

ጠበቅን። ካፊያው ዝናብ ሆነ፤ ቆርቆሮው መጮህ ጀመረ። አንድ ባለ ጋሪ ፈረሱን ቀስ አድርጎ፣ «አዴ ዘይነባ! ዓይንዎን ሸፍነው ማንን ነው የሚጠብቁት?» ብሎ ቀለደባቸው።

«ዝናብ» አሉት። «መጣልኝ።»

«ይግቡ» ያላቸው የለም። እናቴ ልጇ ላይ አቀርቅራለች፤ እኔ አላልኩም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ቀሚሳቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፣ ድምፃቸው ግን ግቢያቸው ተቀምጠው ሲመክሩ እንደሚሰማው ነበር፦ አሁን ከግራና ከቀኝ ጫን በዪ፣ ቀስ፣ ቀስ።

«ስንት ወጣ?»

«አምስት።»

«ብብቷን እዪ።»

ስድስተኛው እዚያ ነበር። ሰላም ጮኸች፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ከዚያ ጡት ፈለገች። አዴ ዘይነባ የምትጠባበትን ድምፅ ሰሙና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሳይዞሩ ሄዱ።

በማግስቱ አባቴ ካውያ ገዛ። እናቴ የሽንት ጨርቁን፣ አንሶላውን፣ የአባቴን ካልሲ፣ ሁሉንም መተኮስ ጀመረች፤ ስፌት ላይ ስትደርስ ትቆማለች፣ ትጫናለች። ማኅበርተኞቿ ሲጠይቋት ግን «በጠበሉ ዳነች» አለች። ስለ ቫዝሊኑና በዝናብ ስለቆሙት ሴት ትንፍሽ አላለችም። ጋውናቸውን ከወሰዱት ነርሶች አንዷ ተመለሰች፤ ሌሎቹ አልተመለሱም። ሴቶቹም የልጆቻቸውን ፊት መሸፈናቸውን አልተዉም። ከሁለት ክረምት በኋላ አዴ ዘይነባ አጋሮ ልጃቸው ጋ ገቡ። ካውያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ጭነት መኪና ላይ ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ትሉን ሲያወጡ አይቼ ለእናቴ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ወጥቼ ግን አልተሰናበትኳቸውም።

የእንግዳ ማረፊያውን ኃላፊ፣ ትሁት ወጣት ነው፣ ወረቀቱን ማን እንደጻፈው ጠየቅሁት።

«እኛም አናውቅም፣ እትዬ። አንዲት ፈረንጅ በታይፕ የጻፈችው አሮጌ ወረቀት ነበር ይባላል። ሲያረጅ እንደገና እንገለብጠዋለን። የሚስተካከል ነገር አለው እንዴ?»

የለውም አልኩት። የማን ቃል እንደሆነ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ እዚህ ከተማ ስለ እሳቸው የተወራው ሁሉ ከእኛ ቤት እንደወጣ ትዝ ሲለኝ፣ ምስክርነቴን ራሴ ጠረጠርኩት።

ማታ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ደወልኩ። ሰማንያን አልፋለች። በዚያ ብርድ ያ ዝንብ አንድ ቀን አይኖርም፤ እሷ ግን ዛሬም ፎጣ ትተኩሳለች። ስልኩን ድምፁን ከፍታ አስቀምጣው ኖሮ ካውያው ሲያፏጭ ይሰማኛል።

«እማዬ፣ ስፌት መተኮስ ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ማን ያስተምረኛል? ራሴ ነኝ።»

ካውያው ማፏጨቱን አቆመ።

«ዝናቡ እኮ ኃይለኛ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አንዴም አልዞረችም።»