አጎቴ ቱኪጃን ወልዩን ማደያ ጥሎ የመጣ ቀን

ይህን ወሬ ይዤ ሌላ ቀን ካደርኩ ሆዴ ይፈነዳል! የአጎቴን የሊክ ቱኪጃንን ጉድ ማለቴ ነው። ቤታችን ውስጥ ሁሉም ያወራዋል፣ ግን ሁሉም እየቆረጠና እየቀጠለ ነው። እኔ እዛው ነበርኩ፣ በራሴ ሞተር ተከትዬው ሄጃለሁ። ስለዚህ እኔን ስሙኝ።

መጀመሪያ ሰውየውን እወቁት። ሊክ ቱኪጃን የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እኛ ጋ አጎትን ሊክ ነው የምንለው። የሚኖረው ሰው በሞተር እያመላለሰ ነው። ጠዋት ጎመን ሻጮቹን ከነጎመናቸው ገበያ ያደርሳል፣ ከዚያ ተማሪ፣ ከዚያ መንገድ ላይ እጁን ያነሳለትን ሁሉ። ሚስት የለውም። "ለምን አታገባም?" ሲሉት "ሞተሯ ትቀናለች" ይላል።

ሞተር ላይ ሆኖ ያልደረሰበት ነገር ግን የለም። የጎን መቆሚያውን ሳያጥፍ ይነዳና መንገደኛው ሁሉ "መቆሚያህ! ኧረ መቆሚያህ!" እያለ ይጮህለታል፤ እሱ ሰላም ያሉት መስሎት እጁን ያውለበልብላቸዋል። የግራ ፍሬቻውን እንዳበራ መንደር አቋርጦ መንደር ይገባል። አንዴማ ከገበያ የሌላ ሰው ሞተር ይዞ መጣ! ቁልፉ ገባለት፣ ሞተሩ ተነሳለት፣ ነዳው በቃ። ቤት ደርሶ ነው "ውይ፣ የኔዋ እኮ መስታወት የላትም" ያለው። ባለቤቱ እየተሳደበ መጥቶ ሩዝ በልቶ፣ ስቆ ሄደ። ሊክን ተቆጥቶ መጨረስ አይቻልም።

አንድ የሚኮራበት ነገር አለው፤ የአየሩን ነገር ሳያይ ሞተር አያስነሳም። መጀመሪያ ስልኩን ያያል። ቀጥሎ ወጥቶ ላዉ የሚባለውን ተራራ ያያል፤ ተራራው ደመናውን እንደ ኮፍያ ከደፋ ዝናብ አለ። ሦስተኛውና ዋናው፣ ዛሬ ሰርግ የት እንዳለ ይጠይቃል።

እኛ ጋ በዝናብ ወቅት የሚደግስ ሰው ዝናብ ከልካይ ይጠራል። ዝናብ ከልካዩ ግን ዝናቡን አያጠፋውም፤ ይገፋዋል። "ታዲያ የተገፋው የት ሊሄድ ነው?" ይላል ሊክ። "የሆነ ድሃ ራስ ላይ መውረዱ አይቀርም። እኔ ደግሞ ያ ድሃ መሆን አልፈልግም።" ስለዚህ ማን የት ደገሰ፣ ማንን ጠራ፣ የተጠራው ወዴት መግፋት ይወዳል፣ ሁሉን ያውቃል። በሰርግ ወር ጎመን ሻጮቹ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ እሱን ነው የሚያምኑት።

እንግዲህ የእህቴ የላስሚ ሰርግ ደረሰላችሁ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። አባት ከሌለ ልጅቷን ለባሏ የሚሰጣት ወልይ የአባት አባት ነው፤ አያታችን ምባ ካርሶ ማለት ነው፤ አያትንና ሽማግሌን ምባ እንላለን። እሳቸው ካልመጡ ኒካህ የለም። ምባ የሚኖሩት ደግሞ ከወንዙ ማዶ ፑሎሳሪ ነው። መኪና ውስጥ ገና በሩ ሲዘጋ ያስመልሳቸዋል። ሞተር ላይ ግን ሲወጡ እንደ ልጅ ደስ ይላቸዋል። ጆሯቸው ደክሟል፣ ወሬም አይወዱም፣ ክብደታቸው የደረቀ የሙዝ ቅጠል ነው።

እናቴ ወንድሟን ጠዋት በር ላይ ያዘችው። "ቱኪጃን፣ ዛሬ ብቻ አደራህን! ዛሬ ብቻ ሰው ሁንልኝ!"

"እትዬ ደግሞ! እንቁላል ጭኜ ሰብሬ አውቃለሁ?"

"ታውቃለህ!"

"እሱ እንቁላል ነው። ምባ እጅ አላቸው፣ ራሳቸው ይይዙኛል።"

ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረ። የእኛ ዝናብ ከልካይ ፓክ ዳርሞ እዛ ቁጢጥ ብለው ሲጋራ ያጨሳሉ። ሰርጉ እስኪያልቅ ገላቸውን ስለማይታጠቡ ሴቶቹ ምግብ ሲያቀርቡላቸው ትንሽ ፈንጠር ብለው ነው። አጠገባቸው ቃሪያና ሽንኩርት የተሰካበት ቀጭን እንጨት መሬት ላይ ተተክሏል፤ ዝናብ መከልከያው ነው።

"ፓክ፣ ዛሬ ወዴት ነው የሚገፉት?" አለ ሊክ።

"ወደ ምሥራቅ።"

"ምዕራቡ ነፃ ነው?"

"በእኔ በኩል ነፃ ነው።"

ሊክ ስልኩን አየ፣ ተራራውን አየ፣ ፈገግ አለ። በምዕራቡ መንገድ፣ በካራንግቱሪ በኩል ሄደ። ለማንኛውም ብሎ ያቺን የሁለት ሰው ሰማያዊ የዝናብ ልብሱን ከመቀመጫው ሥር ከተተ። ታውቋታላችሁ፣ ነጂው አንገቱን ብቅ ያደርጋል፣ የኋላው ሰው ውስጧ ተደብቆ የነጂውን ጀርባ እያየ የሚሄድባት።

ኒካህ አሳሪው ፓክ ሙህሲን በጊዜ መጡ። ሻይ ቀረበላቸው። "እኔ ከዚህ ቀጥሎ ሌላ ኒካህ አለብኝ፣ ብዙ መቆየት አልችልም" አሉ በትህትና። እናቴ "አሁን ይደርሳሉ፣ አሁን" አለች። ላስሚ ጃስሚን አበባዋን ፀጉሯ ላይ አንጠልጥላ፣ ፊቷን ተቀብታ፣ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብላለች።

እንግዲህ ምዕራቡ ጠቆረ። ዝም ብሎ ጥቁር! የእኛ ግቢ ግን አቧራው እንኳ አልረጠበም። ጓሮ የሚያበስሉት ጎረቤቶች ማውካካት ጀመሩ።

"ፓክ ዳርሞ ጉደኛ ናቸው! ጠብ አላለም እኮ!"

"ዝናቡ የት ሄደ ታዲያ?"

"ቱኪጃን ጋ!"

ሁሉም ሳቁ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም።

በመጨረሻ የሞተሩ ድምፅ መጣ። ሊክ ውሃ እየተንጠባጠበ ግቢ ገባ። ፊት ለፊቱ ምባ ለሙሽራዋ ያመጡት የሙዝ ዘለላ ቆሟል። "ምባ፣ ደርሰናል!" ብሎ የዝናብ ልብሱን ገለጠ።

ማንም የለም።

ሊክ ልብሱን አራገፈው። መቀመጫውን በእጁ ዳበሰ። ከዚያ፣ ወላሂ ነው የምላችሁ፣ ጎንበስ ብሎ ሞተሩ ሥር አየ!

"ምባስ?" አለች እናቴ።

"እዚህ ነበሩ... መንገዱን ሁሉ ሳዋራቸው ነበር እኮ!"

"ይመልሱልህ ነበር?"

"ምባ መቼ መልሰው ያውቃሉ! ልብሱ እኮ ጀርባዬን ሲነካኝ ነበር!"

"ንፋስ ነዋ አንተ ደንቆሮ!" አለች እናቴ፣ ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። ሰማንያን ያለፉ ሰው፣ በዚያ ዝናብ፣ ስልክ የላቸው፣ ጆሮ የላቸው። ላስሚ መስኮቱ ላይ ቆማለች። ቀለሙ እንዳይፈስ ማልቀስ እንኳ አትችልም። "ሊክ" አለች በቀስታ፣ "ሰርጉ ይቅር። አያቴን ብቻ አምጣልኝ።"

ይህን ስትለው ሊክ ግንባሩን መታ። "ማደያው! ቤንዚን ስሞላ ወርደው ነበር!"

ገባችሁ አይደል? የሞተራችን ታንከር ያለው ከመቀመጫው ሥር ነው፣ ለመሙላት ሁለታችሁም መውረድ አለባችሁ። ምባ ወርደው ጥግ ይዘዋል። ሊክ ሞልቶ፣ ከፍሎ፣ ልብሱን ለብሶ፣ "ምባ ይያዙኝ!" ብሎ መሄድ ነው። የያዘው ንፋሱ።

ተነሳን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከመንደሩ ድልድይ እንዳለፍን በአንድ እርምጃ ከደረቅ ወደ ዝናብ ገባን፤ በመጋረጃ የተከለለ ነው የሚመስለው። ረባዳው ቦታ ላይ መንገዱ ኩሬ ሆኖ ጠበቀን። የሊክ ሞተር ሁለቴ አሳላትና ጠፋች። ካንዴላውን ነቅሎ በሰርግ ሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስንት ቀልድ ይወጣው ነበር።

"ኢስቲ" አለኝ ቀና ሳይል፣ "ፈልገውኝ መንገድ ላይ ወጥተው ቢሆንስ? የጭነት መኪና አለ እኮ እዛ።"

"ምባ ብልጥ ናቸው፣ ቁጭ ብለው ይጠብቁሃል" አልኩት። እኔም አላመንኩትም።

ማደያው ጋ ስንደርስ ግን፣ ግድግዳው ሥር ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጥቁር ቆብ ያደረገ ሽማግሌ ጀርባውን ሰጥቶን ቁጭ ብሏል። ሊክ ሞተሩን እንዳለች ለቀቃት፣ ወደቀች፣ ዞሮም አላያትም። ሮጦ ሽማግሌውን ከኋላ አቀፈ። "ምባ! ምባዬ! ይቅር ይበሉኝ!"

ሽማግሌው ዞሩ። ምባ አይደሉም።

"አንተ ደግሞ ማነህ?" አሉ። "ያ የልጄ ባል ልኮህ ነው? ሽንት ቤት ገብቼ ስወጣ እኮ ሄዷል! ሳርዲ የሚባል እንከፍ! የሰማያዊ ዝናብ ልብሱን ጭራ ብቻ ነው ያየሁት!"

እኔና ሊክ ተያየን። "ሰማያዊ?" አልኩ።

ቤንዚን የሚሞላው ልጅ ሳቁን መያዝ አቅቶት ቀረበ። "ሁለቱም ሰማያዊ ነበሩ። አንዱ ሄደ። ከዚያ ጥግ ላይ የቆሙት አባት ሁለተኛው ሊነሳ ሲል ሮጠው ኋላው ላይ ወጡበት። ሰውየው 'ተመቸዎት?' አላቸው፣ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፣ ሄዱ።"

ሊክ አፉን ከፈተ። "ተሰርቀዋል በሉኛ!"

"አባቴ" አልኳቸው ሽማግሌውን፣ "ወዴት ነበር የምትሄዱት?"

"ካራንግቱሪ፣ ሰርግ ነዋ! የወንድሜ ልጅ ልጅ!"

ካራንግቱሪ ሰርግ! ሊክ ይህችን ሰርግ አልሰማትም ነበር፣ አያድርስ። ሽማግሌውን፣ ምባ ዊሪያ ይባላሉ፣ እኔ ኋላዬ ጫንኳቸው። ሊክን አላመኑትማ። መንገዱን ሁሉ ሳርዲን ሲራገሙ ጆሮዬ ሥር ነበሩ፣ መኖራቸውን ለማወቅ አልተቸገርኩም።

የካራንግቱሪው ግቢ ስንደርስ ደረቅ! ጥግ ላይ ቃሪያና ሽንኩርት ተተክሏል፣ አንድ ሰውዬ ያጨሳሉ። ሊክ እዛው ላይ ቆመ። "ፓክ፣ እርስዎ ወዴት ነው የሚገፉት?"

"ወደ ሱምበርጆ በኩል ነዋ" አሉ እየኮሩ። ሱምበርጆ እኛ ነን። ለካ የእነሱ ወደኛ ይገፋሉ፣ የእኛ አላስገባም ይላሉ፣ ዝናቡ መሄጃ አጥቶ መሃል መንገዱ ላይ አጎቴን ይዞ ቆሟል!

ድንኳኑ ውስጥ ገባን። ፊት ወንበር ላይ፣ የክብር እንግዶች መካከል፣ ደረቅ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ተደርጎላቸው፣ ምባ ካርሶ ትኩስ የዶሮ ሾርባ ይጠጣሉ። ሁለተኛ ሳህን ነው። ሳርዲ በር ላይ አውርዷቸው ሞተሩን ሊያቆም ሄደ፣ አስተናጋጆቹ እጃቸውን ስመው አስቀመጧቸው። ሽማግሌን "ማን ነዎት?" ብሎ ማን ይጠይቃል!

ሊክ መሬቱ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። ምባ ጉልበት ላይ ግንባሩን ደፋ። ምባ በማንኪያቸው ያላወለቀውን ሄልሜት መታ አደረጉት።

"ቱኪጃን፣ የት ጠፋህ? ላስሚስ? እዚህ የማውቀው ሰው የለም። ሾርባው ግን ጥሩ ነው።"

ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት ከማብሰያው ወጥታ "ሳርዲ! አባቴን የት ጣልከው?" ስትል፣ ሳርዲ ወደ ምባ ካርሶ እየጠቆመ "ያውና!" ሲል፣ እውነተኛው አባት ከኔ ኋላ "ያውና ብሎ ነገር!" ሲሉ... እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን አልጠበቅኩም። ወንድ ልጅ በጭልፋ ሲባረር የመጨረሻውን ሳላይ መሄዴ አሁንም ይቆጨኛል።

ስንመለስ ሊክ የዝናብ ልብሱን ለምባ ብቻ አለበሳቸው፣ እሱ ራሱን ለዝናብ ሰጠ። ጀርባው ላይ ማን እንዳለ በደንብ እንዲታወቀው ነው። ትንሽ ሄዶ "ምባ፣ አሉ?" ይላል። ምባ ሄልሜቱን በቡጢ ያንኳኳሉ። ትንሽ ሄዶ "ምባ፣ አሉ?" ኳ ኳ። ኋላ ላይ ምባ ሰለቻቸውና እኔ እስክሰማው ጮሁ፦ "አለሁ! አለሁ! ሞትኩም ወረድኩም አላልኩህም፣ ንዳ ዝም ብለህ!"

ፓክ ሙህሲን ሄልሜታቸውን አድርገው፣ ቦርሳቸውን አንግተው፣ አንድ እግራቸውን ሞተራቸው ላይ አንስተው ነበር። እናቴ ቦርሳውን ይዛ አልለቅም ብላለች። ምባን ሲያዩ ሄልሜታቸውን አወለቁ። "አልሐምዱሊላህ። እንግባ።"

ምባ እርጥብ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ፣ የሙሽራውን እጅ ያዙ። እኚያ የማይናገሩ ሰውዬ ቃሉን ያለ አንዳች መንገጫገጭ፣ ጥርት አድርገው ተናገሩት። ሙሽራው መለሰ። ሁላችንም "ሳህ!"፣ ጸንቷል፣ ብለን ስንጮህ ጓሮ ያሉት ዶሮዎች እንኳ ደነገጡ። ላስሚ ያኔ አለቀሰች። ቀለሙ ፈሰሰ፣ ማንም ግድ አልሰጠውም።

ሊክን ጓሮ አገኘሁት። እናቴ ደረቅ ሸሚዝ አልብሳው፣ ሩዝ በሳህን ቆልላለት፣ አጠገቡ ተቀምጣ ጀርባውን አንዴ ትመታዋለች አንዴ ታሸዋለች። እሱ ይበላል፣ ይስቃል፣ እንባውን በክንዱ ይጠርጋል። "እትዬ፣ እንደዚህ የቀለለኝ ቀን የለም" ይላል አፉ ሞልቶ። እናቴ "ብላ፣ ዝም ብለህ ብላ" ትለዋለች።

እስቲ እናንተም አውጡት፤ ሞተር ላይ ሆናችሁ ማንን ጥላችሁ ሄዳችሁ? ወይስ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ?