ባለ ሁለት ተካፋቹ በር

የዛገ ማጠፊያ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ጣና ዳር ወደነበረው አሮጌ ቤት ይሄድብኛል። ምን ላድርግ፣ ሰው ሲደክመው የድሮ ቤቱን ይመኛል።

ከባሕር ዳር ጫፍ ነበር፤ መሠረቱ ጥቁር ድንጋይ፣ ግድግዳው ምርግ፣ ዙሪያውን በረንዳ። ሐይቁን የሚያይ ባለ ሁለት ተካፋች የዋንዛ በር ነበረው። ጠዋት ሲከፈት የደንገልና የዓሣ ሽታ ዘው ይላል። ያሠሩት የባለቤቲቱ ሟች ባል ናቸው። በደርግ ጊዜ ቤቱ ሲወረስ ቀበሌው አዳራሹን ከበሩ መሐል ጀምሮ በኮምፔንሳቶ ጣውላ ከፈለው፤ ግማሹን ለፋብሪካ ሠራተኛው አባቴ አከራየ፣ ግማሹን መጋዘን አደረገ። አንደኛው ተካፋች በምስማር ተቸነከረ። እሜቴ ለምንላቸው ለባለቤቲቱ ጓሮ ያለችው ማድ ቤት ቀረቻቸው።

እሜቴ እሳት ሊጭሩ ሲመጡ በገዛ ደጃቸው ቆመው «ቤቶች!» ይሉ ነበር። እናቴ ትሸማቀቃለች።

«ኧረ እሜቴ፣ በሞቴ! በቤትዎ ደግሞ! ዝም ብለው ይግቡ እንጂ።»

«ቤቱማ የመንግሥት ነው፣ ልጄ። ደግሞስ ሰው ያለበት ቤት ዘው ይባላል?» ይላሉ። «ይግቡ» ካልተባሉ ንቅንቅ የለም።

አንድ ክረምት ሕመም ጠናባቸው። እናቴን «አደራ» አሏት፤ «ባሌ በዚያ በር ነው የወጣ። እኔንም በእሱ አውጡኝ፤ በጓሮ እንዳትሰዱኝ።»

ሲሞቱ ግን የሚከፈተው አንዱ ተካፋች ብቻውን ቃሬዛ የማያሳልፍ ሆነ። የቀበሌው ሊቀመንበር መጣና «በጓሮ ይውጡ! የመንግሥት ንብረት የነካ ወዮለት!» አለ። አይ ያ ጊዜ! እንዲህ ያለ ቃል ሰው ያስበላ ነበር። አባቴ ከሌሊት ፈረቃ መግባቱ ነው፤ ዓይኑ ደም መስሏል። ጉጠቱን አነሣ። ደነገጥሁ።

«ተው፣ ልጆች አሉህ» አለችው እናቴ።

«እኔስ አሉኝ። ለእሳቸው ማን ይንቀልላቸው?»

ምስማሩ እየጮኸ ወጣ። ኮምፔንሳቶው ተገነጠለ፣ ሁለቱም ተካፋች ወለል አሉ። እሜቴ በአዳራሻቸው አልፈው በዋናው በር ወጡ።

አባቴ ታስሮ ሰነበተ፤ እኛም ቤቱን ልቀቁ ተባልን። ዕቃችን ጋሪ ላይ ተጭኖ ካለቀ በኋላ እናቴ የረሳችውን ወንፊት ልታመጣ ተመለሰች። በሩ ክፍት ነው፤ ወንፊቱም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይታያል። እሷ ግን ደጁ ላይ ቆመች።

«ቤቶች!» አለች።

ጠበቀች። «ግቢ» የሚላት ጠፋ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ጋሪው መጣች፤ ወንፊቱም እዚያው ቀረ።