የትራስ ልብስ ቆጣሪዋ

ታላቅ እህቴ የምትሠራው ላውንደሪ ውስጥ ነው። ከከተማችን ዳር ካለው የአንድ ኃያል የውጭ አገር ጦር ሰፈር የሚመጣውን አንሶላና የትራስ ልብስ ታጥባለች። ጦር ሰፈሩ ይስፋፋል አይስፋፋም የሚል ክርክር ሲነሳ ቤት አከራዩም ባለሱቁም ሬዲዮኑን ትተው እሷን ይጠይቃሉ። «አንሶላ አይታመንም፤ የትራስ ልብስ ግን ለአንድ ራስ አንድ ነው» ትላለች። ሦስት ጊዜ ተንብያ ሦስቴም ልክ ሆነች፤ እኔ ራሴ እጄን በአፌ ጭኛለሁ።

ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የዚህኛውን ጦር ሰፈር የውሃ መስመር ዘርግቶ ሲጨርስ ባሕር ማዶ የዚያው አገር ሌላ ጦር ሰፈር ተከፈተና ይዘውት ሄዱ። ለስድስት ወር የተባለው አራተኛ ዓመቱን ያዘ። ጦር ሰፈሮቹ መስፋፋት ሲያቆሙ ይመለሳል። እህቴ የምትቆጥረው ለማንም ሳይሆን ለእሱ ነው፤ ናፍቆቱ አንጀቷን በልቶታል። ኮቱን በየሳምንቱ ታጥበዋለች፤ ማን ለብሶት ቆሸሸ ስላት ትቆጣኛለች።

ባለፈው ወር የትራስ ልብሱ በግማሽ ወረደ። በሳምንቱ ደግሞ ከዚያም አነሰ። እህቴ ከሥራ እየሮጠች መጣች።

«እየወጡ ነው። እዚህ ከቀነሱ እዚያም ይቀንሳሉ፤ የሚያዛቸው አንድ ነው።»

«ተረጋጊ እህት ዓለም፣ መጀመሪያ ባልሽ ይንገረን» አልኳት።

ማን ሰምቶኝ። መኝታ ቤቱን ቀለም ቀባች፤ ለጎረቤቱ ሁሉ «ዘንድሮ አይስፋፉም» ብላ ፈረደች።

እሁድ ከሰዓት ባሏ ደወለ። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው።

«ሥራው አላለቀም?» አለችው።

«ገና ተጀመረ እንጂ የኔ ዓለም። ከእንግዲህ ልብስ ውጭ አይታጠብም ብለው በየጦር ሰፈሩ የራሳቸውን ማሽን እያስገቡ ነው። እናንተ ጋ ጨርሰዋል አሉ። እዚህ ደግሞ ግቢው ሊሰፋ ነው፤ ሁለት ዓመት ፈርሜያለሁ።»

የትራስ ልብሱ የቀነሰው ሰው ሄዶ ሳይሆን ማሽን መጥቶ ነው።

«ለስንት ራስ ነው ቧንቧ የምትዘረጋው?» ብላ ጠየቀችው።

«አሁን ያሉት ስምንት መቶ ናቸው፤ እኛ ለሦስት ሺህ ዘርጉ ተብለናል።»

ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈች።

«ሦስት ሺህ ራስ እስኪሞላ መስፋፋቱ አይቆምም፤ እንግዲያው እዚያው ታረጃለህ» አለችው።